ባትሪው ሞቷል ከማለታችን በፊት

የአንድ ጓደኛችን አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው፤ ሥራዋም በየሳምንቱ ሐሙስ እርሳቸውን ለሕክምና ማድረስና መመለስ ብቻ ነው። በቀረው ቀን ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች፤ ቆማ ታድራለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ለዚህች መኪና ሁለት አዲስ ባትሪ ተገዛላት። የሁለተኛው ዋጋ የተከፈለው ለጓደኛችን ታናሽ እኅት ትምህርት ቤት ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ነበር። ይኸው ባትሪ አምስት ወር ሳይሞላው፥ በአንድ ሐሙስ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አባትየው ታክሲ ሲጠብቁ ቀጠሯቸው አለፈ። የመካኒኩም ፍርድ እንደ ወትሮው አጭር ነበር፤ «ባትሪው ሞቷል፤ ሌላ ግዙ።»

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ መኪና እናውቃለን ብለን አንመካም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ይህን ያህል ባትሪ ይሞታል መባሉ አልዋጥልን አለ። «ጋሼ፥ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት እስቲ እንለካው» አልናቸው። «ለኩት ልጆቼ፤ መለካት ገንዘብ አያስወጣም» አሉን።

ቆማ ያደረች መኪና አልነሣም ስትል፥ ነገሩ ከባትሪው ወገን ከሆነ፥ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ባትሪው አርጅቶ የተሞላውን አይዝም፤ ወይ በጉዞ ጊዜ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደክሟል፤ ወይም መኪናዋ ቆማ ሳለች በስውር ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር አለ። ሦስቱን ለመለየት አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል።

ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ወደ ባዶነቱ ተቃርቧል። የእኛው 11.7 ነበር። ቻርጅ አስደርገን ከመኪናዋ ሳናገናኝ አሳደርነው፤ በማግሥቱ 12.5 ላይ ጸንቶ አገኘነው። ጥቂት ቢጎዳም አልሞተም ማለት ነው። መልሰን ገጥመን ሞተሩን ብናስነሣ 14.1 አሳየ፤ ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ያለው ደኅና ነውና ዲናሞውም ነጻ ወጣ። የቀረው ሦስተኛው፥ ማለት ሌባው ነው።

ሌባውን ለመፈለግ ቁልፉን አውጥተን፥ መብራቱን አጥፍተን፥ በሩን ዘጋን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፈትተን ቴስተሩን በ10 አምፔር መለኪያው በሽቦውና በባትሪው መካከል አገባን። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሰዓትና ራዲዮ ትውስታቸውን ለመጠበቅ ጥቂት ስለሚወስዱ እስከ 0.05 አምፔር የተለመደ ነው። ኮምፒዩተር ባላቸው አዳዲስ መኪናዎች ግን ኮምፒዩተሩ እስኪተኛ ድረስ ግማሽ ሰዓት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የእኛው 0.17 አለ። በመስኮት እጃችንን አግብተን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ቴስተሩን ተመለከትን። የራዲዮው ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ 0.02 ወረደ።

እዚህ ላይ ሁላችንም አፈርን። ያንን ራዲዮ ባለፈው ዓመት ገንዘብ አዋጥተን በስጦታ ያስገባንላቸው እኛው ነበርን። እንዲህ ያለ ራዲዮ ብዙውን ጊዜ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው፤ ቢጫው ትውስታውን ስለሚጠብቅ ዘወትር ከባትሪ ይገናኛል፤ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር መያያዝ አለበት። የገጠመው ሰው ሁለቱን በአንድነት አስሯቸው ኖሮ፥ ራዲዮው ድምፁ ቢጠፋም ሌትና ቀን ነቅቶ ያድር ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። 0.17 አምፔር በ24 ሰዓት 4 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በሳምንት 28። የባትሪው መጠን 45 ስለሆነ፥ በየሳምንቱ ከግማሽ በላይ ይጠጣ ነበር። የሐሙሷ አጭር ጉዞ ደግሞ የጎደለውን አትሞላም። ባትሪ ባዶ ሲሆን በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቶሎ ካልተሞላ ይህ ይጠጥርና ቻርጅም አይፈታውም። ስለዚህ መካኒኮቹ የቀድሞዎቹን «ሞቱ» ማለታቸው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ገዳዩ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሟችን በሌላ መተካት፥ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

መከላከያውም ከባድ አይደለም። መኪና ዘወትር የምትቆም ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ትነዳ፤ በቆመችበት አምስት ደቂቃ ማስነሣት አይጠቅምም። ለብዙ ሳምንት የምትቆም ከሆነ ኔጋቲቩን ሽቦ መፍታት ነው፤ በአዳዲሶቹ ግን አስቀድሞ የመኪናዋን መመሪያ ማየት ይገባል። የባትሪው ጫፎች ከዝገት፥ ገጹም ከእርጥብ ቆሻሻ ይጽዱ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመርበት። ቻርጅ ሲደረግ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣልና እሳትና ሲጋራ አይቅረበው። ከሁሉም በላይ፥ አዲስ ራዲዮ ወይም አላርም በተገጠመ ማግሥት ቴስተር ይያዝ።

ቀዩን ሽቦ ወደ ቦታው መመለስ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ያው «የሞተው» ባትሪ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ ሐሙስም ቀጠሮ አላለፈም። የልጅቱን የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን እስካሁን ከኪሳችን እያዋጣን በመመለስ ላይ ነን።