ሁለት ድምፅ ከአንድ ወንበር፦ እየዘፈነ ፒያኖ የሚጫወትን ሰው መቅዳት

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዜማቸውን በገዛ ድምፃቸው የሰማ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ጥቂት ነበር። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በዓመቱ «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበማቸውን ሚሲሲፒ ሪከርድስ አሳተመ። በዚህ አልበም እማሆይ በአማርኛ ያዜማሉ፤ ፒያኖውን የሚጫወቱትም ራሳቸው ናቸው። ዜማዎቹ የተቀዱት በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ የካሴት ቴፕ ነው። የወንበሩ ሲጥሲጥታና ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ሳይቀሩ አብረው ገብተዋል።

የድምፅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ማሰቡ አይቀርም። እየዘፈነ ፒያኖ የሚጫወትን ሰው መቅዳት ውድ ማይክ የተደረደረበት ስቱዲዮ ውስጥ እንኳ ራስ የሚያዞር ሥራ ነው። ታዲያ አንዲት ቴፕ እንዴት ተወጣችው? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ችግሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

እየተጫወቱ ማዜም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይገጥማል፤ አስናቀች ወርቁ ክራር፣ ዓለሙ አጋ በገና እየደረደሩ ያዜሙትን ስንሰማ ኖረናል። በነዚህ መሣሪያዎች ግን አፍና ክር ጎረቤት ናቸው። አንድ ማይክ ከደረት ፊት ለፊት ቢተከል ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ፒያኖ እንዲህ አይደለም። ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ ወደ 2.7 ሜትር ይረዝማል፤ 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ ክሮች አሉት። የድምፁ መጠን ከ27.5 እስከ 4,186 ኸርዝ ይዘልቃል፤ የዘፋኝ ዜማ በሙሉ የሚያርፈው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ ድምፁን ወደ ተጫዋቹ ቀኝ፣ ወደ ታዳሚው ያንፀባርቀዋል። ዘፋኙ የተቀመጠው እዚያው ቁልፉ ጋ ስለሆነ ከአፉ እስከ መዶሻዎቹ ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም።

ስለዚህ ለዘፈኑ የተተከለው ማይክ ፒያኖውንም ይሰማል፤ ለፒያኖው የተተከለውም ዘፈኑን ይሰማል። አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። የዚህ ሥራ ጣጣም ብልሃትም ያለው በዚህ መፍሰስ ውስጥ ነው።

አንድ ማይክ፣ አንድ ውሳኔ

ቀላሉና ጥንታዊው መንገድ አንድ ማይክ ብቻ ተክሎ ሚዛኑን በርቀት መወሰን ነው። ድምፅ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማይኩ ወደ አፍ ጥቂት ሲጠጋ ዘፈኑ ይገንናል፤ ወደ ክሮቹ ሲጠጋ ፒያኖው ይገንናል። የተቀረው የዘፋኙ ፈንታ ነው። ቃሉ እንዲሰማ ሲፈልግ እጁን ያለሰልሳል፤ ቃሉ ሲያልቅ ፒያኖውን ይለቀዋል።

የእማሆይ ቴፕ ምሥጢርም ይኸው ነው። ሚዛኑን የጠበቁት ራሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ፒያኖውም ከድምፃቸው በላይ አይጮኽም። በአንድ ማይክ ሲቀዳ ከሌላ ማይክ ጋር የሚጋጭ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ የሚፈስስ ነገርም የለም። ክፍያው ግን አለ። ከቀረጻው በኋላ «ዘፈኑን ትንሽ ከፍ አድርገው» ማለት አይቻልም። የተቀዳው እንደተቀዳ ይቀራል።

ሁለተኛው ማይክ ሲመጣ

ዘመናዊ ስቱዲዮ ይህን ክፍያ አይወድም። ለዘፈኑ ለብቻ፣ ለፒያኖው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ማይክ ይተከላል። ችግሩም ያን ጊዜ ይጀምራል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የዘፋኙ ማይክ ከአፉ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የፒያኖው ማይክ ደግሞ ከዚያው አፍ 70 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ አንዱ ቃል ሁለተኛው ማይክ ዘንድ የሚደርሰው ወደ 1.75 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ጆሮ ይህን መዘግየት እንደ ማሚቶ አይሰማውም። ሁለቱ ማይኮች ሲደባለቁ ግን ወደ 290 ኸርዝ ገደማ ላይ አንዱ ሞገድ ሲወጣ ሌላው ይወርድና ይጠፋፋሉ። በሦስት እጥፉ፣ በአምስት እጥፉም እንዲሁ። ውጤቱ ቀጭን፣ ሆዱ የጎደለ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ዘፋኙ አንገቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ርቀቱ ስለሚለወጥ የሚጠፋውም የድምፅ ክፍል አብሮ ይለዋወጣል።

ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት የቆየ ደንብ አለ፤ «ሦስት ለአንድ» ይባላል። ማይኩ ከአፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ሁለተኛው ማይክ ከመጀመሪያው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ነው ነገሩ። በዚህ ርቀት የሚፈስሰው ድምፅ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ መጠፋፋቱ ብዙ አይጎዳም። ደንቡ የሚሠራው ግን ሁለቱ ማይኮች በተቀራራቢ መጠን ሲከፈቱ ነው። ፒያኖው በዝግታ ስለተነካ ማይኩ ከመጠን በላይ ከተከፈተ የዘፋኙም ድምፅ አብሮ ያድጋል፤ ደንቡም ይፈርሳል።

ማይክ የማይሰማበት ጎን

ከርቀት የሚበልጠው መሣሪያ የማይኩ ደንቆሮ ጎን ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደው ማይክ ፊቱን በደንብ ይሰማል፤ ጀርባውን ግን እምብዛም አይሰማም። በፒያኖ ላይ ይህ ዕድል ነው፤ ማይኩ ወደ ዘፋኙ ሲዞር ጀርባው በቀጥታ ወደ ክሮቹ ይሆናልና። ሱፐር ካርዲዮይድ የሚባለው ግን ደንቆሮ ጎኑ ከጀርባው ወደ ጎን ገባ ይላል፤ እሱን እንደ ካርዲዮይድ የሚተክል ሰው ፒያኖውን ሳያውቀው ወደ ማይኩ ይጋብዛል።

«ስምንት ቁጥር» የሚባለው ማይክ ደግሞ ፊትና ኋላውን እኩል ይሰማል፤ ጎኖቹን፣ ላይና ታቹን ግን አይሰማም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ የሪበን ማይኮች እንዲህ ናቸው። በአፍ ትይዩ ተይዞ ታቹ ወደ መዶሻዎቹ እንዲያይ ከተደረገ፣ ፒያኖውን ከካርዲዮይድ በተሻለ ይረሳዋል። አደጋው ያለው ከኋላው ነው። የተከፈተው ክዳን የመለሰው ድምፅ በጀርባው ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ በአጭሩ መደገፊያ ይቆማል፤ አለዚያም ውስጡ ወፍራም ብርድ ልብስ ይለብሳል። የኖታ ማስቀመጫውም ድምፅ መላሽ ጣውላ በመሆኑ ተጫዋቹ ዘፈኑን በቃሉ ከያዘው ቢነሳ ይመረጣል።

የፒያኖው ማይኮች ቦታ እንደ ዘፈኑ ዓይነት ይለያያል። ከመዶሻዎቹ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሲተከሉ ድምፁ ጥርት ያለና ከዘፈኑ የራቀ ይሆናል፤ የመዶሻው ምት ግን አብሮ ይገንናል። ከፒያኖው ሆድ በታች፣ ከድምፅ ሰሌዳው ሥር ሲተከሉ ድምፁ ዳመን ይላል፤ ሰሌዳው ራሱ ግን ከዘፋኙ አፍ ይጋርዳቸዋል። ከቀኝ በኩል፣ ከተከፈተው ክዳን ፊት ሜትር ያህል ርቆ የተተከለ ማይክ ፒያኖውን ታዳሚ እንደሚሰማው ይይዘዋል፤ ነገር ግን ዘፈኑንም ከነክፍሉ ማሚቶ ይጨምርበታል።

የወንበሩ ሰው

ማይክ ከተተከለ በኋላ የሚቀረው ሰውየው ነው። ተጫዋች እጁን ለማየት አንገቱን ይደፋል፤ ቃሉ ያን ጊዜ ወደ ቁልፎቹ ይሄዳል። የማይክ መቆሚያው ከተጫዋቹ ክንድ ጋር እንዳይጋጭ ረጅም ክንድ ያለው መሆን አለበት፤ ፒያኖውን ከነካ ደግሞ እያንዳንዱ የባስ ምት በብረቱ በኩል አልፎ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ፔዳሉ ሲረገጥና ሲለቀቅ «ዱፍ» ይላል። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ረጅም ጥፍር ቁልፉን ያንኳኳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፔዳሉ ሥር ምንጣፍ፣ ጫማ አውልቆ በካልሲ መጫወት፣ የወንበሩን ብሎን ማጥበቅ። ሄድፎን የሚያደርግ ተጫዋችም ብዙ ጊዜ አንዱን ጆሮ ይገልጣል፤ ፒያኖውን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ሊሰማው ይፈልጋልና።

ለምን ለየብቻ አይቀዳም?

ይህን ሁሉ ጣጣ የሰማ ሰው «መጀመሪያ ፒያኖውን ቀድቶ በላዩ ላይ መዝፈን አይሻልም?» ማለቱ አይቀርም። ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። የሚጠፋው ግን ቀላል ነገር አይደለም። እየዘፈነ የሚጫወት ሰው ጊዜን በራሱ ትንፋሽ ነው የሚለካው። ቃሉን ጎተት ሲያደርግ ኮርዱ ይጠብቀዋል፤ ትንፋሽ ሲወስድ እጁም ትንሽ ይዘገያል። ፒያኖው አስቀድሞ ከተቀዳ ዘፋኙ የገዛ እጁን ተከታይ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። የቀኝ ፔዳል ሲረገጥ ከክሮቹ ላይ ማፈኛው ሁሉ ይነሳል። ፔዳሉን ረግጦ ወደ ፒያኖው ውስጥ «አ» ብሎ ዘምሮ ዝም ያለ ሰው ክሮቹ ያንኑ ዜማ ሲመልሱለት ይሰማል። የዘፋኙ ድምፅ ካስተጋባባቸው ክሮች ጋር አብሮ ይቀዳል ማለት ነው። ለየብቻ ሲቀዳ ይህ ምላሽ አይኖርም።

ለአብነት፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1967 መጀመሪያ አላባማ ውስጥ መሰል ሾልስ፣ ፌም ስቱዲዮ ስትገባ ፕሮዲውሰሯ ጄሪ ዌክስለር ፒያኖው ላይ አስቀመጣት። «አይ ኔቨር ላቭድ ኤ ማን» የተባለው ዘፈን የተቀዳው እሷ ፒያኖ እየተጫወተች ስትዘፍን ነው። የዘፈኑ መሪ ድምፅና ፒያኖውን የሚጫወተው እጅ የአንድ ሰው መሆናቸው ለሙዚቃው ቅርፅ ሰጠው።

አብሮ ሲቀዳ የሚመጣው መፍሰስ ግን የሚያስከፍለው በሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች በማደባለቅ ጊዜ ነው። ኮምፕሬሰር የጎላውን ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ዘፋኙ ዝም ባለ ቁጥር በእሱ ማይክ ውስጥ ያለው ፒያኖ እየተነፋ ይነሳል። የዘፈኑን ብሩህነት ለመጨመር የተነካ የሚክሰር ቁልፍ ፒያኖውንም ያስጮኸዋል። የተሳሳተ ኖታን በኮምፒውተር ማቃናትም አይቻልም ማለት ይቻላል፤ አብሮ የፈሰሰው ፒያኖ ይጣመማልና። ከሁለት ቀረጻ የተሻለውን ቆርጦ መቀጠልም የሚቻለው ፔዳሉ ተለቆ ክሮቹ ጸጥ ባሉበት ቦታ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ያልተፈለገ ዘፈን አለ። ካናዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1955 በኒው ዮርኩ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ የባክን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ሲቀዳ ያንጎራጉር ነበር፤ ይህ ልማዱ እስከ መጨረሻው የመሐንዲሶቹ ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። ሌላው ፒያኖ ተጫዋች ኪት ጃሬትም እ.ኤ.አ. በ1975 በኮሎኝ ኦፔራ ቤት በዕለቱ ፈጥሮ በተጫወተው ኮንሰርት ሲያቃስትና ሲያዜም በሸክላው ላይ ይሰማል። ሁለቱም ሥራዎች ከነማንጎራጎሩ ተወደዱ። መፍሰስ ጥፋት የሚሆነው የሚፈስሰው ድምፅ ሲያስጠላ እንጂ ስለፈሰሰ ብቻ አይደለም።

ዛሬ በየቤቱና በየአዳራሹ ያለው ብዙውን ጊዜ ፒያኖ ሳይሆን ኪቦርድ ነው። ድምፁ በገመድ በቀጥታ ስለሚገባ ዘፈኑ ወደ ኪቦርዱ አይፈስስም።  ያም ሆኖ ስፒከሩ ከተከፈተ ድምፁ ወደ ዘፋኙ ማይክ ይመለሳል፤ የቁልፉም ኳኳታ ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ይጎላል። ስለዚህ በሄድፎን መጫወትና ማይኩን ከቁልፎቹ ከፍ አድርጎ ጀርባውን ወደ ታች ማዞር ይበጃል።

ከእውነተኛ ፒያኖ ጋር ለሚሠራ ግን ከመቅዳት በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ይቀዳና የዘፈኑ ማይክ ብቻውን ይከፈታል፤ ከዚያም ዘፈኑን ትቶ ከኋላው ያለውን ፒያኖ ብቻ ማዳመጥ ነው። ፒያኖው የራቀ ግን ያማረ ሆኖ ከተሰማ ማይኩ ቦታውን አግኝቷል። ከታፈነ ወይም ከተጣመመ ግን በኋላ በየትኛውም የሚክሰር ቁልፍ አይቃናም፤ መቆሚያውን አሁኑኑ ማንቀሳቀስ ይሻላል።