የሚሊኒየሙ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? የእግር ኳስ የዕድሜ ክልልና ሦስቱ የዘመን አቆጣጠሮች



ከወግዲ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከከላላ የመጣን ተማሪዎች አብዛኞቻችን ስንወለድ ቀኑን ወረቀት ላይ ያሰፈረልን አልነበረም። እናት «በመውሊድ ሰሞን ነው የወለድኩህ» ትላለች፤ አባት «የለም፣ አረፋ ሳይደርስ ነው» ይላል። ትምህርት ቤት ስንመዘገብ ይህ ትዝታ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ለብዙው ሰው የጥቂት ወራት ልዩነት ጉዳት የለውም። ኳስ ለሚጫወት ታዳጊ ግን ልዩነቱ በቡድን መያዝና መቅረት ነው።

የዕድሜ ክልል የሚሠራው እንዲህ ነው። «ከ17 ዓመት በታች» ሲባል ብዙዎች 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይመስላቸዋል። ፊፋ ግን የሚያየው የትውልድ ዓመትን ነው፤ መቁረጫውም በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኳታር ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ መጫወት የሚችለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የተወለደ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ይውላል። ታኅሣሥ 21 የተወለደ ልጅ በአንዲት ቀን ከክልሉ ወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ 2000 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ ዓመት ነው። ወላጆቻችን በዚያ ዓመት የተወለዱትን ሁሉ «የሚሊኒየም ልጆች» ይሏቸዋል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ለሁለት ይከፈላሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 የተወለዱት የ2007 ልጆች ናቸው፤ ከታኅሣሥ 22 በኋላ የተወለዱት የ2008 ናቸው። ስለዚህ ደንቡ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ደምር፤ ከዚያ በኋላ 8 ደምር። ወሰኑ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ብቻ ታኅሣሥ 22 ይሆናል። ወሩን ሳያዩ በጅምላ 8 መደመር የኅዳር 2000 ልጅን ያለአግባብ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። በጅምላ 7 መደመር ደግሞ የጥር 2000 ልጅን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል፤ ሐቁ የሆነውን ቦታም ያሳጣዋል።

ሂጅራው ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ይጠባል። በ2000 ዓ.ም. ረመዳን ሁለት ጊዜ ገብቷል። የ1428ቱ ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የገባው በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ የ1429ኙ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ። «በሚሊኒየሙ ረመዳን ነው የተወለደው» የሚለው ንግግር ብቻውን የአንድ ዓመት ስሕተት ይዟል። የመጀመሪያው ረመዳን ልጅ የ2007 ነው፤ የሁለተኛው የ2008። በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው በታኅሣሥ የመጀመሪያ አጋማሽ ስለነበር የአረፋ ልጅም የ2007 ነው። ዐሹራ በጥር፣ መውሊድ በመጋቢት ስለዋሉ የዐሹራና የመውሊድ ልጆች የ2008 ናቸው። ስለዚህ የእናት ትዝታ ተራ ወሬ አይደለም፤ በትክክል ከተጠየቀበት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዕድሜን በረመዳን ብዛት የሚቆጥሩ ቤተሰቦችም አሉ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ያንሳል። 17 የሂጅራ ዓመት የሞላው ልጅ በፀሐይ አቆጣጠር 16 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ቆጥሮ 17 ብሎ ያስመዘገበ አባት ልጁን በስድስት ወር አስረጅቶታል።

ሌላው ነጥብ በአንድ ክልል ውስጥ ያለው የወራት ልዩነት ነው። የጥር 2000 ልጅና የኅዳር 2001 ልጅ ሁለቱም የ2008 ተብለው አብረው ይመረጣሉ፤ የመጀመሪያው ግን አሥር ወር ይበልጣል። በዚያ ዕድሜ አሥር ወር በቁመትም በጉልበትም ይታያል። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናት የተመረጡት ተጫዋቾች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ እንደሚበዙ አሳይቷል፤ በእግር ኳስም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። መልማዩ ችሎታ ያየ መስሎት የልደት ወር ይመርጣል።

በአሜሪካ ጉዳዩ ከኮሌጅ ጋር ይያያዛል። ኮሌጆች ለተጫዋች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ የሚመለምሉትም ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርስበትን ዓመት እየቆጠሩ ነው። ቡድኑ በጃንዋሪ 1 ሲከፈል ግን አንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች በሁለት ቡድን ይለያያሉ። ትልልቆቹ የታዳጊ ማኅበራት ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ መቁረጫውን ወደ ኦገስት 1 ለመመለስ የወሰኑት ለዚህ ነው። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ለኳስ ልጅ ያለው መንገድ የስፖርት አካዳሚና የክለብ ታዳጊ ቡድን ነው፤ እሱም በዕድሜ የታጠረ ነው።

ይህ ጥበት ዕድሜ ለመቀነስ ይፈትናል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የናይጄሪያ ውድድር ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ይመረምራል፤ አጥንቱ የሚያድግበት መስመር ፈጽሞ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። በጃንዋሪ 2023 ካሜሩን ከ30 ታዳጊዎቿ 21ዱ በዚህ ምርመራ ወድቀውባታል። ከምርመራው በፊትም ግን የሚጎዳ አለ፦ ሁለት ዓመት ቀንሶ የገባ ሰው የአንድ እውነተኛ ታዳጊ ሐቅ በልቷል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሦስቱንም አቆጣጠር የምናነብ እኛ ነን። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ እነዚህን እንሥራ፦

አንደኛ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ካለ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ እናስመዝግብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ታላላቆቹ አልደረሱበትም፤ ትንንሾቹ ግን ይደርሱበታል።

ሁለተኛ፣ ለታላላቆቹ እናትን፣ አያትን፣ ጎረቤትን እንጠይቅ። የትኛው በዓል ነበር? ጾም ነው ወይስ ከጾም በኋላ? እህል አጨዳ ላይ ነው ወይስ ዘር ላይ? መልሶቹ ከተስማሙ በኋላ ወደ ቀን እንለውጥ። ፋይዳም ፓስፖርትም ከመውጣቱ በፊት ይሁን፤ አንዴ የገባ ቀን ልጁን ተከትሎት ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ የሠፈር ቡድን የምናሠለጥን ካለን የልጆቹን የልደት ወር እንጻፍ። የኅዳር ልጅ ዛሬ ቢገፋ ነገ ሊደርስ ይችላል፤ ቶሎ አናሰናብተው።

የወጣው ቀን ልጁን ከክልሉ የሚያስወጣ ቢሆንም እንኳ እንዳለ ይጻፍ። ለታናሹ ከሐሰት ዕድሜ ይልቅ ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ኳስ ይሻለዋል። አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።