ቁጥር ብቻ የነበረው ስቱዲዮ፦ ከዳህራን ቻናል ሦስት እስከ ኢትራ

ኤምጂኤም አንበሳ አለው። ፓራማውንት በከዋክብት የተከበበ ተራራ፣ ኮሎምቢያ ደግሞ ችቦ ያነሳች ሴት አላቸው። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም ሆነ በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው፣ ፊልሙ ሳይጀመር ማን እንደሠራው ከእነዚህ ምልክቶች ያውቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ግዛት፣ ከኾበር ከተማ በመኪና ብዙም በማይርቀው ዳህራን የነበረው ስቱዲዮ ግን አውሬም ተራራም አልነበረውም። ተመልካቹ በቁጥር ነበር የሚጠራው፤ ቻናል ሦስት።

ልዩነቱ ከገንዘብ ይመጣል። አንበሳውን በ1916 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሃዋርድ ዲዬትዝ የተባለ የማስታወቂያ ሰው ነበር። ሥራውም ለጎልድዊን የፊልም ኩባንያ ነው። በ1924 ኩባንያዎች ተዋሕደው ኤምጂኤም ሲመሠረት አንበሳው አብሮ ተሻገረ፤ በ1928 ድምፁ ተቀርጾለት ማግሳት ጀመረ። ትኬት የሚሸጥ ድርጅት ስሙ ከተመልካቹ ጭንቅላት እንዲወጣ አይፈልግም፤ ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ራሱን ያሳያል። የዳህራኑ ስቱዲዮ ግን ትኬትም ማስታወቂያም አይሸጥም ነበር። ወጪውን የሚችለው የነዳጅ ኩባንያው አራምኮ ነው። አርማ ቢኖረው ባይኖረው የሚቀርበት ገበያ አልነበረም።

በዳህራን ቴሌቪዥን የጀመረው ከአራምኮ ጣቢያም በፊት ነው። በዳህራን የአየር ማረፊያ የሰፈረው የአሜሪካ አየር ኃይል በ1955 አጋማሽ ለወታደሮቹ ቴሌቪዥን ተከለ። መጠሪያው ኤ.ጄ.ኤል. ቲቪ ነበር፤ «የበረሃው ዓይን» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት። በሳዑዲ ምድር የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ይኼው ነው፤ መንግሥት የራሱን በሪያድና በጅዳ የጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የአስመራን ቃኘው ጣቢያ የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም የአሜሪካ ጦር ለራሱ ሰዎች ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበረው። የአንቴና ሞገድ ግን የጦር ሰፈር አጥር አያግደውም። በዳህራንም ለወታደር የተሠራጨውን ምስል መሣሪያ ያለው ጎረቤት ሁሉ አየው።

አራምኮ የራሱን ጣቢያ በመስከረም 1957 ከፈተ። የመዝገብ ስሙ ኤች.ዜድ. 22 ቲቪ ነበር። «ኤች.ዜድ.» ለሳዑዲ ዓረቢያ የተመደበ ዓለም አቀፍ መለያ ነው፤ ዛሬም የሳዑዲ አውሮፕላኖች ጅራት አካባቢ ተጽፎ ይታያል። ይህ ዓይነቱ ስም ለተመልካች ተብሎ አይወጣም፤ ሞገድ ለሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው። ሕዝቡ ግን ለማን እንደተሰጠ ሳይጠይቅ በመሣሪያው ማዞሪያ ላይ ያገኘውን ቁጥር ስም አደረገው።

ስቱዲዮው ምን ይሠራ ነበር? በእኔ ግምት እጅግ የሚያስደንቀው የድምፁ ሥራ ነው። የአሜሪካ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ይመጣል፤ ተዋናዩ በእንግሊዝኛ የተናገረው ወደ አረብኛ ይተረጎማል፤ በስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጡ አንባቢዎች በአረብኛ ድምፃቸው ይተኩታል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ አረብኛ ይሆናል። እንግሊዝኛውን የፈለገ ደግሞ ሬዲዮውን ከፍቶ ኦሪጅናሉን ይሰማል። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ምስል፣ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ቋንቋ ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህን ያሰበ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል።

መቀስም ነበር። መሳሳም፣ መጠጥ፣ ሃይማኖት የሚነካ ነገር ተቆርጦ ይወጣል፤ ታሪኩ መካከል ላይ ቢዘል ተመልካቹ ራሱ ይሞላው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ፕሮግራሙ ቆሞ የማይንቀሳቀስ ምስል ይወጣ ነበር። ስለ ጣቢያው የእይታ ምልክት ስንነጋገር እኔ የምቆጥርለት ይህንን ነው፤ ከየትኛውም አርማ ይልቅ ጣቢያው የማን አገር እንደሆነ የሚናገረው ያ የቆመ ምስል ነበርና። ከመዝናኛው ጎን ለጎን የአረብኛ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ጤናና የሥራ ላይ ደኅንነት ትምህርት ይሰጥ ነበር። ኩባንያው ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ በጎ አድራጎቱና ጥቅሙ አንድ ላይ የሄዱበት ጉዳይ ነው።

ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም። በ1965 መንግሥት በሪያድ ቴሌቪዥን ሲጀምር ወግ አጥባቂዎች ተቃወሙ። ከንጉሣዊው ቤተሰብ የሆነው ኻሊድ ቢን ሙሳዒድ ከዚሁ ተቃውሞ ጋር በተያያዘ ግጭት በፀጥታ ኃይል ጥይት ተገደለ። ንጉሥ ፋይሰልን በ1975 የገደለው የዚህ ልዑል ወንድም ነው። ምሥራቁ በዚህ ጉዳይ ለየት ያለ ነበር። የነዳጅ ካምፕ፣ የውጭ ሠራተኛና ወደብ ያለበት አካባቢ ስለነበር ቴሌቪዥን ቀድሞ ገባ፣ ያለ ደምም ተለመደ። ሥርጭቱ ባሕሩን ተሻግሮ ባሕሬንና ቀጠር ድረስ ይደርስ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ባሕሬናውያን ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የአራምኮን ቻናል እንደ ራሳቸው ጣቢያ አድርገው ያነሱታል።

መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ በደማም የራሱን ጣቢያ ሲያቆም አረብኛው ወደዚያ አዘነበለ፤ ቻናል ሦስት ቀስ በቀስ የእንግሊዝኛ ቻናል ሆነ። በ1990ዎቹ የሳተላይት ሳህን በየጣሪያው ሲተከል የሚሠራው ሥራ አለቀ፤ በ1998 ተዘጋ።

ፊልም ተመልካቹ በዚህ መሐል ምን አደረገ? በሳዑዲ ዓረቢያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የንግድ ሲኒማ ቤት አልነበረም። ለኾበርና ለደማም ሰው መፍትሔው ድልድዩ ሆነ። 25 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ በ1986 ሲከፈት ባሕሬን የኾበር ሲኒማ ቤት ሆነች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐሙስ ማታ (በኋላም የዕረፍት ቀኑ ሲቀየር ዓርብ) መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ፓስፖርት ይታያል፤ ፊልም ታይቶ በሌሊት ይመለሳል። የሆሊውድን አንበሳና ተራራ በትልቅ መጋረጃ ለማየት ድንበር መሻገር ግድ ነበር። እገዳው መነሣቱ የታወጀው በታኅሣሥ 2017 ነው፤ የመጀመሪያው የንግድ ሲኒማ በሪያድ «ብላክ ፓንተር»ን ያሳየው ሚያዝያ 2018 ነው።

ግን ምሥራቁ እገዳው እስኪነሣ አልጠበቀም። የሳዑዲ ፊልም ፌስቲቫል የተጀመረው ሲኒማ ቤት በሌለበት በ2008 በደማም ነው። የመሩት የባህልና ኪነ ጥበብ ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ገጣሚው አሕመድ አል ሙላ ዋናው አንቀሳቃሽ ነበር። ሁለተኛው የተካሄደው በ2015 ነው። ፌስቲቫሉ ኋላ ወደ ዳህራን ተሻግሮ ኢትራ በሚባለው ማዕከል ተቀመጠ። ትልቅ መጋረጃ በሌለበት አገር የፊልም ፌስቲቫል ማዘጋጀት ድፍረት ነው፤ የሪያድም የጅዳም ሰው ለዚህ ወደ ምሥራቅ መምጣት ነበረበት።

ኢትራ፣ በሙሉ ስሙ የንጉሥ ዓብዱል ዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ ዛሬ የዳህራን ስቱዲዮ ማለት ነው። ያሠራው አራምኮ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ2008 የኩባንያው 75ኛ ዓመት ሲከበር ተቀመጠ፤ ንጉሥ ሰልማን በ2016 መጨረሻ መረቁት። ቦታው በ1938 በሳዑዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ በገበያ መጠን ከፈለቀበት ከሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ነው። ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት የነደፈው ሕንፃ እርስ በርስ የተደጋገፉ ግዙፍ ጠጠሮች ይመስላል፤ ዙሪያውን የሚጠመጠመው የማይዝግ ብረት ቱቦ ቢዘረጋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አርማ ላልነበረው ስቱዲዮ ሕንፃው ራሱ አርማ ሆኖለታል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ሌላ ምልክት አይፈልግም።

ማዕከሉ ሲኒማ ቤት ብቻ ሳይሆን አምራችም ነው። አንድም ንግግር የሌለበት «ጁድ» በ2018 ወጣ። የኻሊድ ፋህድ «ጠሪቅ አል ዋዲ» መናገር የማይችል ልጅን ታሪክ ይዞ በ2022 በጅዳው የቀይ ባሕር ፌስቲቫል ታየ። ግብፃዊው አቡ በክር ሸውቂ ያዘጋጀው «ሐጃን» ደግሞ በግመል ውድድር የሚጋልብ ልጅና የግመሉ ታሪክ ነው፤ በ2023 በቶሮንቶ ፌስቲቫል ቀርቧል።

«ሐጃን» ሲጀመር የሚወጣው የኢትራ ስም እንደ ሆሊውዱ ምልክት ትኬት ለመሸጥ የወጣ አይመስለኝም። ኢትራ በትኬት ገቢ ብቻ የሚኖር ድርጅት አይደለም፤ ከበስተጀርባው ያው የነዳጅ ኩባንያ አለ። በሪያድ ያለው ተልፋዝ 11 በሌላ መንገድ መጣ። በ2011 በዩቲዩብ አጫጭር ቀልዶች ጀምሮ፣ በ2023 የዓሊ ከልሠሚን «መንዱብ» እስከ ሲኒማ ቤት ያደረሰ የወጣቶች ስቱዲዮ ነው፤ ተመልካቹን ካላስደሰተ የሚደግፈው የነዳጅ ጉድጓድ የለውም። ኾበርና ደማም በዚህ ረገድ ገና ናቸው። ተዋናዩም፣ ካሜራ ያዡም፣ ፌስቲቫሉም አሏቸው፤ የቀራቸው የሚሸጥ ፊልም ሠርቶ በትኬቱ የሚያድር የራሳቸው ስቱዲዮ ነው።