ፋሺዝም የሰውን ልቡና ስለ ምን ይፈራል?

ፋሺዝም ሲባል ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ወታደርና መርዝ የሚረጭ አውሮፕላን ነው። ነገር ግን ከመሣሪያው አስቀድሞ ዐሳቡ ነበረ፤ ዐሳቡን ያልመረመረ ሰውም፥ ሌላ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ሊለየው አይችልም።

በ18ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የዕውቀት ብርሃን ዘመን የተባለው ጊዜ ሦስት ነገር አስተማረ። ይኸውም ሰው ሁሉ በገዛ አእምሮው ማመዛዘን ይችላል፤ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፤ መንግሥትም ለሰው ቆመ እንጂ ሰው ለመንግሥት አልተፈጠረም የሚል ነው። በ1789 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በፈረንሳይ የታወጀው የሰውና የዜጋ መብት መግለጫ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው።

ፋሺዝም ይህን ሁሉ ገለበጠው። በ1932 በሙሶሊኒ ስም የወጣው፥ ከፊሉን ግን ፈላስፋው ጆቫኒ ጀንቲሌ የጻፈው ሐተታ፥ ከመንግሥት ውጭ ዋጋ ያለው ነገር የለም ሲል አስተማረ። ለሕዝቡ የተሰጠው መፈክርም «እመን፥ ታዘዝ፥ ተዋጋ» የሚል ነበር፤ «መርምር» የሚል ቃል አልነበረበትም።

ይህ ሥራ የተፈጸመው በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትም ጭምር ነው። በ1925 መጨረሻ የወጣው ሕግ፥ ከመንግሥቱ የፖለቲካ መሥመር ጋራ የማይስማማ ጠባይ ያሳየ ሠራተኛ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ስላደረገው ነገር እንኳ፥ ከሥራው እንዲሰናበት ፈቀደ። በ1931 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለፋሺስቱ ሥርዓት ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ታዘዙ፤ ከ1,200 ከሚበልጡት መካከል እንቢ ያሉት 12 ያህል ብቻ ናቸው። በ1938 አይሁድ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ሲባረሩም፥ አስቀድሞ የቈጠራቸውና የመዘገባቸው ባለብዕሩ ሹም ነበር።

ይኸው ዐሳብ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ በየካቲት 1937 የተማሩት ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። ራሱ መርምሮ የሚፈርድ ሰው ለፋሺዝም ከታጠቀ ሰው ይልቅ ያስፈራዋልና።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፤ ብዕርና ማኅተም በእጃችን ነው። ትእዛዝን መፈጸም የሥራችን ግዴታ ቢሆንም፥ ማመዛዘንን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ግን ከማንም ሠራተኛ ሊጠየቅ አይገባም። ወረቀቱ በፊታችን ሲቀርብ፥ ከፊርማው በፊት «ይህ በማን ላይ ይደርሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ልቡና፥ እርሱ የነፃነት የመጀመሪያው ምሽግ ነው።