የቢዮርክ ድምፅና የማሽኑ ምት

አይስላንዳዊቷ ድምፃዊትና የዜማ ደራሲ ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችውን «ቬስፐርታይን» የተባለ አልበም ስትሠራ፣ መሣሪያዎቹን የመረጠችው ሙዚቃው ከኢንተርኔት ወርዶ በኮምፒዩተር ሲደመጥ ድምፁ እንዳይጎዳ አስባ ነው። ሃርፕ፣ ሴሌስታ፣ በትእዛዝ የተሠሩ የሙዚቃ ሣጥኖች፤ ሁሉም ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ያላቸው ናቸው። ምቱም ካርታ ሲበወዝና በረዶ ሲሰነጠቅ ከሚሰማው ኮሽታ ተቆራርጦ በላፕቶፕ የተገጣጠመ ነው። በዚያ ላይ ድምፅዋ በጆሮ እንደሚነገር ምስጢር ዝቅ ብሎ ይገባል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነፍስ የለውም ለሚል ሰው የማስደምጠው ይህንን አልበም ነው። ራሷ ቢዮርክ እንዳስረዳችው፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ ካጣ ጥፋቱ ነፍስ ሳይሰጠው የቀረው ሰው ነው።

የተወለደችው በ1965 በሬይክያቪክ ነው። አይስላንዳውያን እንደ እኛው በራሳቸውና በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ሙሉ ስሟ ቢዮርክ ጉድሙንድስዶቲር ይባላል። በልጅነቷ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ፣ በ1977 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሟን ገና በ11 ዓመቷ ቀዳች። ከዚያ በፓንክ ባንዶች አለፈች፤ በ1986 የተመሠረተው ሹገርኪዩብስ ደግሞ ከአገሯ ውጭ አስተዋወቃት። ባንዱ ሲበተን ለንደን ላይ የዳንስ ሙዚቃ አዘጋጁን ኔሊ ሁፐርን ይዛ በ1993 «ዴቡት»ን አወጣች።

ለእኔ ትልቁ እርምጃ ግን በ1997 የመጣው «ሆሞጄኒክ» ነው። የቀዳችው በአብዛኛው ስፔን ውስጥ ቢሆንም የምታስበው አገሯን ነበር። ከሙዚቃ አዘጋጁ ማርክ ቤል ጋር የሠራችው ሻካራ የኤሌክትሮኒክ ምት የአይስላንድን እሳተ ገሞራ እንዲመስል ፈለገች፤ በላዩም የአገሯ ልጆች የሚጫወቷቸውን ቫዮሊኖችና ቼሎዎች አስተኛች። ምቱ ሲጎረብጥ አውታሮቹ ይለሰልሳሉ፤ ድምፅዋ ደግሞ ከሹክሹክታ ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ ወደ ጩኸት ይወጣል።

በ2004 «ሜዱላ» ላይ መሣሪያዎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉ አስወገደቻቸው። ከበሮውን በአፋቸው ምት የሚያወጡ ሰዎች ተኩ፤ የኢኑይቷ ታኒያ ታጋክ በጉሮሮዋ የምታወጣው ድምፅና የአይስላንድ ኅብረ ድምፃውያን ዜማውን ሞሉት። ኮምፒዩተሩም እዚያው ነበር፤ ሥራው ግን የሰውን ትንፋሽ መቁረጥና መቀጠል ሆነ።

በ2011 «ባዮፊሊያ»ን በስልክና በታብሌት መተግበሪያ ጭምር አወጣችው፤ ልጆች ሙዚቃንና ሳይንስን በጨዋታ እንዲማሩም ከእሱ የትምህርት ፕሮግራም ተወለደ። እናቷ በ2018 ካረፉ በኋላ በወጣው «ፎሶራ» ደግሞ ለእናቷ የዘፈነቻቸው ዘፈኖች፣ ጎርናና ባስ ክላሪኔቶችና እጅግ ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ምት በአንድ አልበም ውስጥ ጎን ለጎን ይደመጣሉ።