የፒሳ ግንብ፦ ሳያቀኑ ማዳን

በመጋቢት 1989 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጣሊያን፣ በፓቪያ ከተማ አንድ ጥንታዊ ግንብ በድንገት ተንዶ አራት ሰው ገደለ። ድንጋጤው ፒሳም ደረሰ። በጥር 1990 ዓለም የሚያውቀው ዘማማ ግንብ ለጎብኚ ተዘጋ፤ እስኪከፈትም አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ።

ግንቡ የካቴድራሉ ደወል ቤት ነው። ቁመቱ 56 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 14,500 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የተሸከመው መሠረት ግን ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ፣ ከሥሩም ያለው ለስላሳ ሸክላማ አፈር ነው። ግንባታው በ1173 ተጀምሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ፤ መቶ ዓመት ገደማም እንዲሁ ከረመ። መሐንዲሶች እንደሚሉት ያ መቋረጥ ባይኖር ግንቡ ሳያልቅ ይወድቅ ነበር፤ አፈሩ ውሃውን አስወጥቶ የጠነከረው በዚያ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያዳነው እንግዲህ ሥራ መፍታቱ ነው! በ1272 ሥራው ሲቀጥል ግንበኞቹ መዝመሙን አይተው የላይኞቹን ፎቆች ወደ ተቃራኒው ወገን መልሰው ሠሩ። ስለዚህ ግንቡ ማዘንበሉ ሳያንስ እንደ ሙዝ ጎብጧል፤ ቀጥ ይበል ቢባል እንኳ የትኛው ክፍሉ?

ልርዳው ያለ ሁሉ ሲያባብሰው ኖሯል። የተቀበረው የምሰሶዎቹ እግር እንዲታይ በ1838 ዙሪያው ቢቆፈር፣ ውሃ ገባና ይበልጥ አዘነበለ። በሙሶሊኒ ዘመን መሠረቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ተበስቶ ሲሚንቶ ተሞላበት፤ አሁንም ዘመመ።

ግንቡን ለማዳን በ1990 የተሰየመውን ኮሚቴ የመሩት የቱሪን ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ሚኬሌ ያሚዮልኮቭስኪ ነበሩ። ግንቡ የሚያዘነብለው ወደ ደቡብ ነውና በ1993 በሰሜን በኩል 600 ቶን እርሳስ ተጫነበት። ዘዴው ሠራ፤ ክምሩ ግን ዓይን ይወጋል። እሱን መሬት ውስጥ በሚታሰር የብረት ገመድ ለመተካት ሲባል፣ ሲቆፈር ውሃ እንዳይገባ አፈሩን በፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝ ጀመሩ። በመስከረም 1995 ግንቡ ወደ ደቡብ ተንቀሳቀሰ! ሥራው ወዲያው ቆሞ ተጨማሪ እርሳስ ተጫነ። ለመልክ ሲሉ ግንቡን ሊያጡት ነበር።

በመጨረሻ የተሳካው ዘዴ ለሰሚው እብደት ይመስላል፦ ሊወድቅ ከደረሰ ግንብ ሥር አፈር መውሰድ። በሰሜን በኩል በሰያፍ በገቡ መሰርሰሪያዎች ጥቂት ጥቂት አፈር ይወጣል፤ ክፍተቱ ቀስ ብሎ ሲደፈን ግንቡ ወደዚያው ይመለሳል። ምናልባት ቢያመልጥ ተብሎ በብረት ገመድም ተይዞ ነበር። ሐሳቡን ፈርናንዶ ቴራቺና የተባለ መሐንዲስ ያቀረበው በ1962 ነው፤ ሰሚ ያገኘው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጫፉ ከ40 ሴንቲሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ እንደተመለሰ ቁፋሮው አበቃ። ይህ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው አይለየውም። ሆን ተብሎም ነው፤ ቀጥ ያለ የፒሳ ግንብ ለማየት ማን አገር አቋርጦ ይመጣል? በእኔ ግምት የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሙያ የት ላይ መተው እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው። በታኅሣሥ 2001 በሩ ተከፈተ።

አሁን ተራው የሌላዋ የጣሊያን ከተማ የቦሎኛ ነው። 48 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጋሪዜንዳ ግንብ አሳሳቢ ምልክት ስለታየበት በጥቅምት 2023 ዙሪያው ታጠረ፤ ደግፎ ለመያዝም ለፒሳው ሥራ የተሠሩት መሣሪያዎች እንዲወሰዱ ተወስኗል።