ላፕቶፑ መድረክ ላይ ለምን ይንተባተባል?

ከበሮውም ዋሽንቱም ከላፕቶፕ የሚወጣበት መድረክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ግን ድምፁ ድንገት «ጠሽ» ይላል፣ ወይም ለቅጽበት ቁርጥ ብሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የኮምፒዩተሩን አቅም ያማል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው መዘግየትን ነው።

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያቀርበው በጥቅል በጥቅል ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚሠራ ሲስተም የአንዱ ጥቅል መጠን፣ ማለትም በፈሩ፣ 256 ናሙና ከሆነ፣ በየ5.3 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥቅል አጠናቆ ለሳውንድ ካርዱ ማስረከብ አለበት። አንዷ ካረፈደች ካርዱ የሚያጫውተው ያጣል፤ የምንሰማው ያንን ክፍተት ነው። ስለዚህ ሲፒዩው 30 በመቶ ብቻ እየሠራም ድምፅ ሊቆረጥ ይችላል። የሲፒዩ መለኪያው የሚያሳየው አማካዩን ነዋ! የዋይፋይ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይዞ ቢያቆየው አማካዩ ንቅንቅ አይልም፤ የጥቅሉ ሰዓት ግን አልፏል። ከዝግጅት በፊት ዋይፋይና ብሉቱዝ ማጥፋት፣ ኃይል ቆጣቢውን ሴቲንግ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በፈሩን ወደ 512 ማሳደግም ፋታ ይሰጣል፤ ነገር ግን በፈሩ ብቻውን 10.7 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ድምፅ በዚህ ጊዜ በአየር ላይ 3.7 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ረጅም ኖታ ለሚይዝ ሰው ምንም አይደል፤ በጣቱ ከበሮ ለሚመታ ግን ምቱ ከእጁ ይሸሻል።

የችግሩ ጠባይም ይናገራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ፣ እዚያ የሚከፈተው ከባድ ፕለጊን ይፈተሽ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከጀመረ ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ዘፈኑ ምንም ይሁን ምን በእኩል የጊዜ ልዩነት «ጠቅ» የሚል ከሆነ፣ ሁለት የድምፅ መሣሪያዎች በየራሳቸው ሰዓት እየሄዱ ይሆናል። ሁለቱም 48,000 ቢባሉም ሰዓታቸውን የሚመቱት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይሄዱም፤ አንዱ ሌላውን እንዲከተል ማድረግ ያስፈልጋል።

የማያቋርጥ እምምታ ግን ከበፈር ጋር አይገናኝም። ቻርጀሩን ሲነቅሉት ከጠፋ፣ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ ከመሬት ተገናኝተው የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ድምፁ ውስጥ ገብቷል። ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ በሁለቱ መሃል ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሶኬቱን የመሬት ፒን የሚቆርጡ አሉ፤ እባካችሁ፣ ይህ በፍጹም አይደረግ። እምምታው ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ ውስጡ ሲበላሽ 220 ቮልቱ ጊታር በእጁ ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ ባስጠጋው ዘፋኝ በኩል ያልፋል።